የግራ እጄ ደብዳቤ

ጠመኔው ከእጄ የወደቀው በኅዳር ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ዳንግላ ውስጥ ለአራተኛ ክፍል ማካፈል ሳስተምር ነው። አነሣሁት። ደግሞ ወደቀ። ለሦስተኛ ጊዜ ጎንበስ ስል የቀኝ እጄ ጣቶች ጠመኔውን ነኩት እንጂ ሊይዙት አልቻሉም። ልጆቹ ሳቁ። አብሬያቸው ልሥቅ ብዬ ቀና ስል ግን ሁሉም ጸጥ አሉ፤ ለካ አፌ ወደ ግራ ተጣሞ ኖሯል።

ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ዕድሜዬን የምናገረው እንዲታዘንልኝ ብዬ አይደለም። ይህ ሕመም የሽማግሌ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ወጣት ሲይዝ ሌላ ሌላ ስም እየተሰጠው ጊዜ ይባክናል። በእኔም የደረሰው ይኸው ነው። ስለዚህ የሆነውን በተራ፣ የራሴን ጥፋት ሳልዘል እጽፈዋለሁ። ከሕመሙ ይልቅ ጥፋቱን መጻፍ ይከብደኛል።

ጥርጣሬ የጀመረኝ ያንኑ ዕለት ነው። በዋዜማው መምህር ግዛቸው ቤቱ ጠርቶ ብርዝ ጋብዞኝ ነበር። ግዛቸው ሦስተኛ ክፍል ያስተምራል፤ ክፍሉ ክረምት ሲሆን ያፈሳል። የእኔ ክፍል ደኅና ቆርቆሮና ሁለት መስኮት አለው፤ ይህንንም በስብሰባ ላይ ሁለት ጊዜ ሲያነሣ ሰምቻለሁ። አልጋዬ ላይ ተኝቼ የብርዙን ጣዕም በምላሴ ስፈልግ ዋልሁ። ጣፋጭ ነበር። "ምነው ይህን ያህል አጣፈጠው?" አልሁ ለራሴ። ብርዝ የማር መሆኑ ትዝ አላለኝም።

እናቴ ወይዘሮ ይታክቱ የምትኖረው ከእንጅባራ አንድ ሰዓት በእግር በሚያስኬድ መንደር ነው። እንጅባራን እሷና እኩዮቿ እስካሁን ኮሶ በር ነው የሚሏት። ወሬው በደረሳት ማግሥት በጭነት መኪና ተሳፍራ መጣች።

"ማን ነው ያየሽ?" አለችኝ ገና ከበሩ።

"ስልሳ ተማሪ።"

"እነሱን አላልሁሽም። ዓይኑን የጣለብሽ ማን ነው?"

ስለ ብርዙ ነገርኋት። እናቴ በአማርኛ የጀመረችውን ንግግር በአገውኛ ጨረሰችው። ስትናደድ እንደዚያ ነች።

ከዚያ በኋላ ሁሉም የየራሱን ስም አወጣለት። አከራዬ "ጥላ ወጊ ነው" አሉ። በእንጅባራ ገበያ የታወቁ አንድ ወጌሻ ትከሻዬን ዳብሰው "ወልቋል" አሉና እግራቸውን ብብቴ ላይ ተክለው ጎተቱት። እኒህ ሰው ክፉ አልነበሩም፤ ትከሻዬ በእርግጥ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ ነበር። ምክንያቱን ያወቅሁት ቆይቼ ነው፤ ክንዱን ከትከሻ ጋር ደግፈው የሚይዙት ጡንቻዎች ሥራ ሲያቆሙ ክንድ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወርዳል። የወለቀ ይመስላል፣ ግን አልወለቀም። ሲጎተት የቀረውን ያላላዋል። እንዲህ ያለ ሰው ቤታችሁ ካለ ክንዱን በነጠላ አንገቱ ላይ እሰሩለት፤ ማንም እንዳይጎትተው። አንድ ሌላ፣ የት እንደተማረ የማይታወቅ መርፌ ወጊ ደግሞ "ቁርጥማት ነው" ብሎ ያንኑ የደነዘዘውን ክንዴን ወጋኝ። ስላልተሰማኝ "አየሽ፣ አያምም!" አለ። ሳምንት ሙሉ አብጦ ከረመ።

በመጨረሻ ዳይሬክተራችን መከረንና እኔና እናቴ በኦቶቡስ ሁለት ቀን ተጉዘን ወደ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ሄድን። መጠበቂያው ረዥም ኮሪደር ነው፤ በግራና በቀኝ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ወረፋው በካርቶን ቁራጭ ላይ በተጻፈ ቁጥር ነው። የተቀመጠው ሁሉ የሰው ካርቶን በዓይኑ እየሰረቀ ያነባል። እኔም አነብ ነበር። አንዲት የማላውቃት ሴት አጠገቤ ቁጭ አለችና በአንድ እጄ ነጠላዬን ልጠቀልል ስታገል አይታ፣ አንድ ቃል ሳትናገር አስተካክላ አለበሰችኝ። እኔ ግን ስትጨርስ የደረት ኪሴን ዳበስሁ። ገንዘቤ በቦታው ነበር። ሴትዮዋም ስዳብስ አየችኝ። ያን ዕለት ያፈርሁት ሐፍረት አሁንም አለቀቀኝም፤ ትምህርት ግን አልሆነኝም።

ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነው፤ አንዲት ነርስ ታስተረጉምለታለች። የታመመው ክንዴ፣ እሱ የሚያዳምጠው ልቤን! ደግሞ ደጋግሞ። ሥራውን የማያውቅ ሰው ላይ ወደቅሁ ብዬ እናቴን አየኋት። ከዚያ ጠየቀኝ፤ "በልጅነትሽ ጉሮሮሽን ትታመሚ ነበር? ጉልበትሽስ ያብጥ ነበር?" ነበር። እንጥሌን የተቆረጥሁት ለዚያ ነው። ጉልበቴም አንድ ክረምት ሙሉ አስተኝቶኛል።

የነገረኝን እንደገባኝ ላስረዳ። ልብ ውስጥ ደም ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጉ በሮች አሉ። ያልታከመ የልጅነት የጉሮሮ ሕመም አንዳንድ ጊዜ ውሎ አድሮ እነዚህን በሮች ያቆስላል፤ በሮቹ ይጠብባሉ። ደም እንደልቡ ሳያልፍ ሲቀር እዚያው ይረጋል። ከረጋው ደም አንዲት ቅንጣት ተነሥታ ወደ አንጎል ከሄደችና ቀጭን የደም ሥር ከደፈነች፣ የአንጎል ያ ክፍል ይጎዳል። የእኔ የተደፈነው በግራ ወገን ነው፤ የግራው አንጎል ቀኙን አካል ስለሚያዝ ቀኝ እጄ ትእዛዝ አጣ። "ክንድሽ አልሞተም" አለኝ። "ትእዛዝ የሚያደርሰው መንገድ ነው የፈረሰው።" በየወሩ የምወጋው ፔኒሲሊን ታዘዘልኝ። እኔንም እናቴንም ያስደነገጠን ይህን ሁሉ ያመጣው ጉሮሮ መሆኑ ነው። ልጆቻችሁ ጉሮሯቸውን ሲታመሙ "ያልፋል" አትበሉ።

በሆስፒታሉ አንድ ወር ተኛሁ። አፌ ተመለሰ፤ እግሬም ከዘራ ይዤ እስክሄድ በረታ። እጄ ግን እንደ ተጨበጠ ቀረ። ሐኪሙ ሲያሰናብተኝ ዳንግላ ክሊኒክ ላለው ድሬሰር ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ እዚያ አንድ መሣሪያ አለ፣ ይሞክሩልሽ አለ።

ወደ ትምህርት ቤት ሄጄ ለዳይሬክተሩ በግራ እጄ ሰሌዳ ላይ መጻፍ እችላለሁ አልሁት። ጻፍሁለትም። አየውና፣ "በላይነሽ፣ ልጆቹ ያዩትን ነው የሚይዙት። ወላጆች መጥተው ግራኝ ታስተምራላችሁ ቢሉኝ ምን እላለሁ? እስከ መስከረም ቦታሽን እይዝልሻለሁ። በመስከረም በቀኝ እጅሽ አንድ ሙሉ መስመር ከጻፍሽልኝ ክፍሉ ያንቺ ነው" አለኝ። እስከዚያው አራተኛ ክፍልን ማን እንደያዘው ጠየቅሁ።

"ግዛቸው።"

እንዲህ እንደሚሆን አውቄ ነበር።

*

ድሬሰሩ አቶ ታፈረ ይባላሉ። ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ቀጭን፣ ነጭ ካፖርታቸውን ራሳቸው አጥበው የሚለብሱ ሰው ናቸው። ሰው "ዶክተር" ሲላቸው "ድሬሰር ነኝ፤ የዶክተሩን ደመወዝ ስትጨምሩልኝ ዶክተር እሆናለሁ" ይላሉ። መሣሪያው የእንጨት ሣጥን ነው። ክዳኑ ሲከፈት አራት የባትሪ ድንጋይ፣ የተጠቀለለ ቀጭን የመዳብ ሽቦና ኃይል የሚጨምርና የሚቀንስ ቁልፍ ይታያል። ከሣጥኑ ሁለት ሽቦ ይወጣል፤ በየሽቦው ጫፍ በጨርቅ የተሸፈነ ትንሽ የብረት ዝርግ አለ። ሲከፈት እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል።

"ይህ ኮረንቲ ነው?" አልኋቸው።

"ነው።"

"ኮረንቲ ሰው ይገድላል።"

"እሳትም ቤት ያቃጥላል። ወጥሽን ግን በምን ትሠሪያለሽ?"

"በማን ላይ ሞከሩት?"

መልስ ሳይሰጡ እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ዝርጎቹን የራሳቸው ክንድ ላይ አኖሩ። ቁልፉን ሲያዞሩት የተጨበጡት ጣቶቻቸው እንደ ታዘዘ ወታደር ብድግ ብለው ተከፈቱ። እኔ ክር ይኖር ይሆን ብዬ እጅጌያቸውን አየሁ። ክር አልነበረም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መርፌ የለም፣ ቆዳ አይበሳም። ዝርጉ ከቆዳ በላይ፣ ጣት የሚከፍተው ጡንቻና ጅማት ባለበት ላይ ይቀመጣል፤ ኮረንቲው በቆዳ አልፎ ጡንቻውን ያዝዘዋል። ነገር ግን ደረቅ ቆዳ ኮረንቲ አያሳልፍም፤ ተራ ውኃም ደኅና አድርጎ አያሳልፍም፤ ጨው የገባበት ውኃ ግን ያሳልፋል። ስለዚህ ጨርቁ በጨው ውኃ ይነከራል። አቶ ታፈረ "አንድ ጠርሙስ የፈላ ውኃ ቀዝቅዞ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው። ከቤትሽ አዘጋጅተሽ ይዘሽ ነይ" አሉኝ። ይህን የምዘረዝረው ማንም ቤቱ እንዲሞክረው አይደለም። ቤታችሁ አትሞክሩት። ለልቤ ኃይሉ ስንት ድረስ እንደሚፈቀድ ሐኪሙ በደብዳቤው ወስኖ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ በየዕለቱ ይነግሩኝ ነበር። "ሣጥኑ ጣትሽን ሲከፍት አንቺም አብረሽ ለመክፈት ታገዪ። ቁጭ ብለሽ ካየሽው የሚማረው ሣጥኑ ነው። ሣጥኑ ደግሞ ተምሯል።"

ከጥር ጀምሮ በየቀኑ ሄድሁ። ቤቴ ስመለስ ሰፌድ ላይ የተቀላቀለ አተርና ባቄላ በቀኝ እጄ እለያለሁ፤ ጣቴ ምን ያህል እንደተከፈተም በማስመሪያ ለክቼ ደብተሬ ላይ በግራ እጄ እመዘግባለሁ። የካቲት ሲያልቅ አመልካች ጣቴ ሣጥኑ ሳይኖር በራሱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተከፈተ። ሦስት ጊዜ ለካሁት፤ ማስመሪያውንም ጠረጠርሁና በሌላ ማስመሪያ ለካሁት።

ዐቢይ ጾም ሲገባ እናቴ መጣች። ከመንደራችን አጠገብ ካለው ጠበል ተስላ ነበር፤ እስከ ፋሲካ ድረስ ያቺን ክንድ ከጠበል በቀር ምንም ነገር እንዳይነካት። እኛ ዘንድ ጠበል የገባ ሰው ጠበሉን ሳይጨርስ ሌላ መድኃኒት አይነካም። ይህን አውቃለሁ፤ ያደግሁበት ነው።

"ሣጥኑን አልተውም" አልኋት።

"እኔ ስለት አለብኝ።"

"ስለቱ ያንቺ፣ ክንዱ የኔ ነው።"

"ክንዱንም እኔ ነኝ የወለድሁት!"

ለሦስት ቀን አልተነጋገርንም። በአንድ ክፍል ውስጥ እሷ ወደ ግድግዳው፣ እኔ ወደ በሩ ዞረን በላን። በአራተኛው ቀን "ይሁን፣ ሂጂ" አለችኝ። እንዲያውም በአንድ እጅሽ ከምትቸገሪ ጠርሙሱን እኔ አዘጋጅልሻለሁ አለች። በየቀኑም ጠርሙሱን ይዛ ከኋላዬ እየተከተለች ክሊኒኩ በር ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጥ ጀመር።

ሣጥኑ የደከመው ከዚያ ወዲህ ነው። ያጉረመርማል፤ ቆዳዬን እንደ ሳማ ይለበልበኛል፤ ጣቶቼ ግን አይከፈቱም። አቶ ታፈረ ሽቦውን ፈተሹ፣ ብረቱን ፋቁ፣ ራሳቸውን አከኩ። "ድንጋዩ እንኳ አዲስ ነው" አሉ።

አዲስ ነው ማለታቸው ቆረቆረኝ። ወደ ቤቴ የምሄደው በደጃፋቸው በኩል ነው። ራዲዮ አላቸው፤ ያ ራዲዮ በዚያ ሰሞን ከፍ ብሎ ይሰማ ነበር። ዳንግላ ውስጥ መብራት በየቤቱ የለም፤ ራዲዮ የሚሠራው በባትሪ ነው። ነገሩን እንደ ሒሳብ ደረደርሁት። የእሳቸው ራዲዮ በርትቷል፣ የእኔ ሣጥን ደክሟል፤ ሁለቱም የሚበሉት ባትሪ ነው፤ ቁልፉ ያለው በእሳቸው እጅ ነው። ተማሪ እንዲህ አድርጎ ቢያስረዳኝ ሙሉ ማርክ እሰጠው ነበር። ማስመሪያው ላይ ጣቴ ከሁለት ወደ አንድ ሳንቲ ሜትር ተመልሶ ነበር፤ መስከረም ደግሞ እየቀረበ ነው።

ለአለቆቻቸው ደብዳቤ ጻፍሁ። በግራ እጄ ነውና ሦስት ከሰዓት በኋላ ፈጀብኝ፤ ይዘቱ ግን አጭር ነው፤ የዳንግላው ድሬሰር የመንግሥትን የባትሪ ድንጋይ ለራዲዮው እየወሰደ ያለቀውን ለሕመምተኛ ያስገባል። ስሜን አልጻፍሁም። ከሥር "አንድ ተቆርቋሪ" ብዬ፣ ፖስታ ቤት እንዳልታይ አለቆቻቸው ወዳሉበት ወደ ማርቆስ ለሚሄድ መንገደኛ ሰጠሁት።

*

ከሁለት ሳምንት በኋላ አላስችል አለኝና አራት አዲስ የባትሪ ድንጋይ ከሱቅ ገዝቼ ክሊኒክ ገባሁ።

"ዛሬ በዚህ እንሞክረው" አልሁ።

አቶ ታፈረ ድንጋዩን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ምን እንዳሰብሁ የገባቸው ይመስለኛል። "አስገቢ" ብለው ሣጥኑን ወደኔ ገፉት። በግራ እጄ አንድ በአንድ አስገባሁ። ሣጥኑ አጉረመረመ። ቆዳዬ ተለበለበ። ጣቶቼ አልተከፈቱም።

አቶ ታፈረ ሽቦውን ትተው ዝርጉን፣ ዝርጉን ትተው ጨርቁን አዩ። ከዚያ ጠርሙሱን አንሥተው ጣታቸውን ነከሩና ቀመሱ። ደግመው ቀመሱ።

"መምህርት፣ እስቲ ቅመሺው።"

ቀመስሁት። እንደ ምንጭ ውኃ ጥርስ ያቀዘቅዛል፤ ሌላ ጣዕም የለውም። ሁለታችንም ወደ በሩ ዞርን።

"እማማ" አሉ አቶ ታፈረ፣ "ይህን ውኃ ማን አዘጋጀው?"

"እኔ።"

"ጨው አልጨመሩበትም?"

"ጠበል ላይ ጨው ይጨመራል እንዴ?" አለች እናቴ።

ነገሩ ይኸውላችሁ። ጠበሉ በቅል ተቀድቶ፣ ከእንጅባራ ለገበያ ከሚመጡ የመንደራችን ሰዎች ጋር በየሳምንቱ ይመጣል። እናቴ የጨው ውኃ በማዘጋጀት ፈንታ ጠርሙሱን በጠበል ትሞላዋለች። "ስለቴ ከጠበል በቀር ምንም እንዳይነካት ነው" አለች ቀና ብላ። "እሷ ሣጥኑን አልተውም አለች። እኔም ሣጥኑ በጠበል እንዲነካት አደረግሁ። ስለቴም አልፈረሰ፣ እሷም አልተከለከለች። ምን አጠፋሁ?"

የገዛሁትን ድንጋይ፣ ራዲዮውን፣ ብርዙን አሰብሁ። ዳንግላ ውስጥ ያልጠረጠርሁት ሰው አልነበረም፤ ጠርሙሱን በየቀኑ ይዛ ከኋላዬ ከምትመጣው ሴት በቀር።

አቶ ታፈረ አልሣቁባትም። "እማማ፣ ጠበሉ ምንም አላጠፋም። የሣጥኑ ጠባይ ነው፤ ጨው ካልቀመሰ አይሠራም" አሏት።

"ታዲያ ጠበሉ ላይ ብጨምርበት ኃጢአት ይሆን?"

"እሱን እኔ አላውቅም። የኔ ሥራ እስከ ክንድ ነው።"

እናቴ በማግሥቱ ወደ ንስሐ አባቷ ሄደች። የተባለችውን ስትመለስ ነገረችኝ፤ "'ጨውን ማን ፈጠረው?' አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።" ከነጠላዋ ሥር ግማሽ አሞሌ ጨው አወጣችና መፍጨት ጀመረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠርሙሴ ውስጥ የነበረው ጨው የገባበት ጠበል ነው። በመጀመሪያው ቀን አራቱም ጣቶቼ ብድግ አሉ፤ እናቴ ክሊኒኩን በእልልታ ስትሞላው ወረፋ ይዞ የነበረ ሰው ሁሉ ወንድ ተወለደ ብሎ ተነሣ።

እኔ እልል አላልሁም። ደብዳቤው መንገድ ላይ ነበር። ስሜ የለበትም፣ ማንም አያውቅም፣ ምናልባትም ጠፍቶ ይቀራል አልሁና ዝም አልሁ።

አልጠፋም። ግንቦት ላይ አንድ መርማሪ መጣ። ድንጋዮቹን ቈጠረ፣ መዝገብ አየ፣ ራዲዮውን አስመጣ። የራዲዮው ባትሪ እንደ ጡብ ያለ አንድ ትልቅ ነገር ነው፤ የሣጥኑ ድንጋይ እንኳን ሊያስነሣው አይገጥምለትም። እኔ ሳይንስም የማስተምር መምህርት ነኝ። አንድ ቀን እንኳ "ራዲዮዎን ላየው" ብዬ አልጠየቅሁም። መርማሪው ይህን ሁሉ ጽፎ ያዘ፤ ነገር ግን ክስ ክስ ነውና ውሳኔ እስኪመጣ ድረስ ሣጥኑን በሰም አሸገው።

ሣጥኑ ለእኔ ብቻ አልነበረም። ከአዘና በፈረስ የሚመጡ አያ ተሰማ የሚባሉ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አሉ፤ እሳቸውም እንደኔ አንድ ወገናቸው ተይዞ፣ እጃቸው እርፍ ጨብጦ እንደቀረ ሰው ተጨብጧል። ያን ሳምንት መጥተው ሰሙን አዩት።

"ምን ሆኖ ነው?" አሉኝ።

"ተጠርጥሮ ነው አሉ።"

"ሣጥኑ?"

"ድሬሰሩ።"

"እኒህ?" ብለው ወደ ውስጥ አዩ። "እንግዲህ ፈረሴ ይህን መንገድ ለምዶታል። ባይከፈትም ነገ ይዞኝ ይመጣል።" መጡም። በማግሥቱም መጡ። በሦስተኛው ቀን ሲመለሱ በአንድ እጃቸው ልጓሙን ሲፈልጉ ቆሜ ማየት አቃተኝና ገባሁ።

አቶ ታፈረ የኔን ጣቶች ያለ ሣጥን፣ በእጃቸው እየከፈቱ ማሠራቱን አላቋረጡም ነበር። ያን ዕለትም እጄን ያዙ።

"አቶ ታፈረ፣ ያን ደብዳቤ የጻፍሁት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ። አውራ ጣትሽን ዘርጊ።"

"እንዴት አወቁ?"

"መርማሪው አሳየኝ። ፊደሉ ሁሉ ወደ ኋላው ወድቋል። ዳንግላ ውስጥ በግራ እጁ የሚጽፍ ስንት ሰው አለ?"

"ታዲያ ለምን አልነገሩትም?"

"የጠየቀኝ 'ጠላት አለህ ወይ?' ብሎ ነው። ጠላት የለኝም፣ ያሉኝ ሕመምተኞች ናቸው አልሁት። ዘርጊ አልሁሽ!"

አለቀስሁ። ማስተባበያ አሁኑኑ እጽፋለሁ ብዬ ከጠረጴዛቸው ላይ ብዕር አነሣሁ። ብዕሩን ከግራ እጄ ወሰዱና ቀኝ መዳፌ ላይ አኖሩት፤ ጣቶቼንም አንድ በአንድ አጠፉበት።

"በዚያኛው አንድ ጊዜ ተከስሼበታለሁ" አሉ። "በዚህኛው ጻፊ።"

አምስት ቀን ፈጀብኝ። ከጠመኔው በኋላ ቀኝ እጄ የጻፈው የመጀመሪያው ሙሉ ገጽ ያ ነው፤ ያለ ስም የተጻፈውን ደብዳቤ የጻፍሁት እኔ መሆኔን፣ የተሰረቀ ባትሪ አለመኖሩን፣ ጥፋቱ የጨው መጉደል መሆኑን የሚናገር። "በ" ከ"ሰ" አይለይም፤ መስመሩ እንደ ቁልቁለት ይወርዳል። ከሥር ሙሉ ስሜን ጻፍሁ። አቶ ታፈረ አንብበው አጠፉት።

"ማመልከቻ በሦስት ቅጂ ነው የሚገባው። ግልባጩን ጻፊ።"

"የካርቦን ወረቀት የለዎትም?"

"የለኝም" አሉ። የካርቦን ወረቀቱ ክርናቸው ሥር ነበር።

*

ሣጥኑ የተከፈተው ሐምሌ ላይ ነው። ከአቶ ታፈረም ላይ ክሱ ተነሣ። አያ ተሰማ ዝናብ እየወረደባቸው በመጀመሪያው ቀን መጡ፤ እኔ ወረፋዬን ለቀቅሁላቸው። ስለ ደብዳቤው ነገርኋቸው። "የባከነብኝ ሳምንት በወረፋ አይከፈልም፤ ሁለተኛ ግን ሳትቀምሺ አትክሰሺ" አሉኝ።

ያዳነሽ ሣጥኑ ነው ወይ? ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ልምል አልችልም። ደብተሬ እንደሚያሳየው ሣጥኑ በታሸገባቸው ሳምንታትም ጣቶቼ ተሻሽለዋል፤ ብቻ ቀስ እያሉ ነው። ሣጥኑ በትክክል ሲሠራ ፈጥነዋል። አተሩና ባቄላው፣ የአቶ ታፈረ እጅ፣ ሦስቱ ቅጂ፣ ጊዜውም ራሱ የየድርሻቸው አላቸው። እናቴ ጠበሉ ነው ትላለች፤ ጠበሉ ከጠርሙሱ አልጎደለምና ልከራከራት አልችልም። እጄም ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። አዝራር ስቆልፍ አሁንም ሰው ይረዳኛል። ድኛለሁ የሚልን ሰው ሁሉ በምን፣ በስንት ጊዜ፣ ማን ለካው ብላችሁ ጠይቁ። እኔንም ጭምር።

በመስከረም ዳይሬክተሩ ሰሌዳው ፊት አቆመኝ። ግዛቸው በር ላይ ነበር። ጠመኔውን በቀኝ እጄ ይዤ አንድ መስመር ማካፈል ጻፍሁ፤ ኅዳር ላይ ያቋረጥሁትን። መሐል ላይ ጠመኔው ወደቀ። ማንም ሳያነሣልኝ ጎንበስ ብዬ በዚያው እጄ አነሣሁትና ጨረስሁ። ዳይሬክተሩ ቀረብ ብሎ መልሱን አረጋገጠ። "ትክክል ነው" አለ።

ግዛቸው የክፍሉን ቁልፍ ሰጠኝ። "ደስ ብሎኛል፤ ማታ ብርዝ እንጠጣ" አለኝ። ሄድሁ። ብርሌውን ሞልቶ ሲዘረጋልኝ እጄን አልዘረጋሁም። ትንሽ ጠበቅሁ። ግዛቸው ሣቀና እንደ ወጉ መጀመሪያ ራሱ ቀመሰ።

ከዚያ በቀኝ እጄ ተቀበልሁት። ጣፋጭ ነበር።